ሾው እና ዩ ስትሪት፦ በዋሽንግተን ዲሲ የዘር፣ የፖሊስ፣ የወንጀልና የድህነት ክርክር ሰፈር

ሾው በዋሽንግተን ዲሲ ሰሜን ምዕራብ ክፍል የሚገኝ ሰፈር ነው። ከዋይት ሐውስ ተነስቶ በእግር ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይደርስበታል። ሰሜናዊ ጫፉ ዩ ስትሪት የተባለው ጎዳና ሲሆን ከዚያ ከፍ ብሎ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ኢትዮጵያውያን አካባቢውን የሚያውቁት ይበልጡን በ9ኛ ስትሪት ምግብ ቤቶቹ ነው፤ በአማርኛ የሚነገረውም ከዚያ እምብዛም አያልፍም። ይሁንና በአሜሪካ ከተሞች ስለ ዘር፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ወንጀልና ስለ ድህነት የሚነሣው ሙግት ከመቶ ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ሰፈር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አመሠራረት

በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ከባርነት ያመለጡ ሰዎች ወደ ዋና ከተማዋ ጎርፈው በአካባቢው በተተከሉ ሰፈሮች ተጠለሉ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1867 ተከፈተ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው 54ኛውን የማሳቹሴትስ የጥቁሮች ክፍለ ጦር እየመራ በ1863 ከወደቀው ነጩ ኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾው ነው። መጀመሪያ አንድ ትምህርት ቤት በኮሎኔሉ ተሰየመ፤ በ1960ዎቹ የከተማ ማደሻ ዕቅድ ሲወጣ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ስም ለአካባቢው በሙሉ ተሰጠ።

በመሀል ከተማ ያሉ ሆቴሎች፣ ቲያትር ቤቶችና ትልልቅ ሱቆች ጥቁሮችን በማይቀበሉበት ዘመን ዩ ስትሪት ራሱን የቻለ ከተማ ሆነ። በ1903 የተመረቀው የትሩ ሪፎርመር ሕንፃ ገንዘቡም ንድፉም ግንባታውም የጥቁሮች ነበር። ሃዋርድ ቲያትር በ1910፣ ሊንከን ቲያትር በ1922 ተከፈቱ፤ በ1934 ሥራ የጀመረው ኢንዱስትሪያል ባንክ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ፒያኖ የተማረውና ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው። በዚያ ዘመን ሐኪሙም፣ የሕግ ጠበቃውም፣ ሊስትሮውም የሚኖሩት በአንድ ጎዳና ላይ ነበር። ይህን የአብሮነት ዘመን በናፍቆት የሚያወሱ ብዙ ናቸው። አብሮነቱን ያመጣው ግን ሌላ ቦታ ቤት መግዛትን የሚከለክል የውል አንቀጽ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ሊፈጸም አይችልም ያለው በ1948 ነው፤ ከጉዳዮቹም አንዱ የተነሣው ከዚሁ ሰፈር አጠገብ ካለ መንገድ ነበር።

በጁላይ 1919 አንዲት ነጭ ሴት በጥቁሮች ተደፈረች የሚል ወሬ ተነዛና ወታደሮችና መርከበኞች ያሉበት የነጮች መንጋ ጥቁሮችን በየመንገዱ ማጥቃት ጀመረ። ፖሊስ ለማስቆም ሲያመነታ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ጥቁር ወታደሮች የሚገኙባቸው ነዋሪዎች በ7ኛ ስትሪትና በዩ ስትሪት ዙሪያ መሣሪያ ይዘው ሰፈራቸውን ጠበቁ። የሟቾቹ ቁጥር እንደየጸሐፊው ይለያያል። የታሪክ ምሁሩ ካርተር ውድሰን ከዚያ መንጋ ተሸሽገው ካመለጡት አንዱ ነበሩ፤ ኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኖሩበት ቤት የሚገኘው ዛሬ የእኛ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በዚያው 9ኛ ስትሪት ላይ ነው።

ሃዋርድና ኢትዮጵያ

በዚህ ሰፈር የኢትዮጵያ ስም መጠራት የጀመረው እንጀራ ከመምጣቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በሃዋርድ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊት አግብተው በፋሺስት ወረራ ዘመን የጥቁር አሜሪካውያንን ድጋፍ ለኢትዮጵያ በማሰባሰብ ታላቅ ውለታ ውለዋል። በዩኒቨርሲቲው የአፍሪካን ታሪክ ሲያስተምሩ የኖሩት ፕሮፌሰር ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪም ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አባት ነበሩ ማለት ይቻላል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ሃዋርድ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ያለው የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማና የባለቤታቸው የሳንኮፋ መጽሐፍ መደብርም የዚሁ ዝምድና ቀጣይ ነው።

ኤፕሪል 1968

ከሰፈሩ ታሪክ በብዛት የተመዘገበው ይህ ሳምንት ነው። ኤፕሪል 4 ቀን ሐሙስ ማታ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ላይ መገደላቸው ሲሰማ 14ኛ ስትሪት ከዩ ስትሪት ጋር በሚገናኝበት መስቀለኛ መንገድ ሰው ተሰበሰበ። የጥቁር ኃይል ንቅናቄ መሪው ስቶክሊ ካርማይክል ተከታዮቹን ይዞ በየሱቁ እየገባ ለሟቹ ክብር እንዲዘጉ ጠየቀ፤ ብዙዎቹም ዘጉ። ሌሊቱ ሳይጋመስ ግን መስተዋት መሰበር፣ ቀጥሎም ዘረፋና ቃጠሎ ተጀመረ። በማግሥቱ እሳቱ በ14ኛ፣ በ7ኛና ከሰፈሩ ውጭ ባለው ኤች ስትሪት ተዛመተ። ከ13 ሺህ በላይ ወታደሮች ከተማዋ ውስጥ ገቡ። 13 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የሞቱት በሚቃጠሉ ሕንፃዎች ውስጥ ቀርተው ነው። ከ6 ሺህ በላይ ሰዎች ታሰሩ፤ የተቃጠሉትና የተጎዱት ሕንፃዎች ከ1 ሺህ ይበልጣሉ።

የሟቾቹ ቁጥር እሳቱ ከደረሰበት ስፋት አንጻር ዝቅተኛ የሆነው በአጋጣሚ አልነበረም። ከንቲባው ዋልተር ዋሽንግተን ጥቁር ነበሩ፤ ሥልጣኑን የሰጧቸውም መራጮች ሳይሆኑ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ነበሩ። የኤፍቢአይ ኃላፊው ኤድጋር ሁቨር በዘራፊዎች ላይ እንዲተኮስ ሲጎተጉቷቸው እምቢ አሉ። በጊዜው አንዳንድ ነጋዴዎችና የኮንግረስ አባላት በዚህ ክፉኛ ወቅሰዋቸዋል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ግን ከዚያ ሳምንት ውሳኔዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘም።

ክርክሩ ከእሳቱ በፊት የተጀመረ ነበር። በኢሊኖይ ገዥ ኦቶ ከርነር የተመራው የፕሬዚዳንቱ ኮሚሽን የ1967ቱን የከተሞች ሁከት መርምሮ ዘገባውን ያወጣው ኪንግ ከመሞታቸው አምስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። መንስኤው የውጭ ቀስቃሽ ሳይሆን የነጭ ዘረኝነት፣ ሥራ አጥነት፣ የተጎሳቆለ መኖሪያና ፖሊስ የሚፈጽመው በደል ነው ሲል ደመደመ። ጆንሰን ዘገባውን አልወደዱትም። ዋሽንግተን ከ1957 ጀምሮ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር ሆኖ ሳለ ፖሊሶቿ ግን በአብዛኛው ነጮች ነበሩ። በተቃራኒው ወገን የተሰለፉት ሁከቱን ተራ ወንጀል ብለው ፈረጁት፤ ሪቻርድ ኒክሰንም በዚያው ዓመት ሕግና ሥርዓት በሚል መፈክር ተመረጡ።

ከ1958 ጀምሮ በዩ ስትሪት ያለው ቤንስ ቺሊ ቦውል በሰዓት እላፊው ጊዜ እንኳ ክፍት ሆኖ ፖሊሱንም ሰልፈኛውንም አብልቷል።

ከእሳቱ በኋላ

በ1970ዎቹ ባዶ መሬቱ ባዶ ሆኖ ቆየ፤ ሄሮይንም በ14ኛ ስትሪት ነገሠ። በ1986 ከንቲባ ማሪዮን ባሪ በመስቀለኛው ላይ የከተማ አስተዳደር ሕንፃ አስገነቡ። በዚያው ሰሞን ክራክ የተባለው ርካሽ ኮኬይን መጣ። በ1991 በከተማዋ ከ470 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ጋዜጦችም ዋሽንግተንን የሀገሪቱ የግድያ ዋና ከተማ አሏት።

በዚህ ዘመን ክርክሩ ጥቁር ከነጭ ብቻ አልነበረም። በ1982 ጥቁሮች የሚበዙባት ከተማ መራጮች አደንዛዥ ዕፅ ለሚሸጡና በጠመንጃ ወንጀል ለሚፈጽሙ ዝቅተኛው የእስር ዘመን በሕግ እንዲወሰን በድምፃቸው አጸደቁ። ለቦታው የመጀመሪያው ጥቁር የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ኤሪክ ሆልደርም በ1995 ፖሊስ በጥቃቅን የትራፊክ ጥፋት መኪና እያስቆመ ጠመንጃ እንዲፈልግ የሚያደርግ ዘመቻ ጀመሩ። ሟቾቹ ጥቁር ወጣቶች ስለነበሩ ቤተ ሰቦቻቸው ጥበቃ ይፈልጉ ነበር፤ ተፈትሾ የሚዋረደውና የሚታሰረውም ያው ጥቁር ወጣት ሆነ። ፖሊስ ይብዛ የሚሉትም ይቀነስ የሚሉትም ይህን ታሪክ ሲጠቅሱ ግማሹን ይተዉታል።

በ1998 ዋሽንግተን ፖስት የከተማዋ ፖሊሶች ከነዋሪው ብዛት አንጻር ከማንኛውም ትልቅ የአሜሪካ ከተማ ፖሊስ በበለጠ ሰው ተኩሰው እንደገደሉ አጋለጠ። በ2001 ፖሊስ ከፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር የማሻሻያ ስምምነት ፈረመ፤ ተኩሱም በጉልህ ቀነሰ። የግድያ ቁጥሩ ደግሞ በ2012 ወደ 88 ወረደ።

ባቡሩ፣ ኪራዩና እኛ

የምድር ውስጥ ባቡር በሜይ 1991 ዩ ስትሪት ደረሰ። ለዓመታት የተቆፈረው መንገድ ብዙ የጥቁሮች ሱቆችን ገድሎ ነበር፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች መጡ። ከአብዮቱ በኋላ በስደት የመጡት ኢትዮጵያውያን ቀድሞ በአቅራቢያው ባለው አዳምስ ሞርጋን ሠፍረው ነበር፤ ኪራይ ሲወደድባቸው የተዘጉ ሱቆች ወደሞሉበት 9ኛ ስትሪት ወረዱ። ሌላው ነጋዴ በሸሸው ጎዳና ላይ መብራት ያበሩት እነሱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2005 ገደማ ያ ጎዳና ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ እንዲሰየም ጥያቄ ቀረበ፤ ሎስ አንጀለስ በ2002 እንዲሁ አድርጋ ነበር። የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። እነ ኤሊንግተንና እነ ውድሰን የኖሩበትን ቦታ በመጤ ስም መጥራት ታሪክን መፋቅ ነው አሉ። በወገናችን በኩል ቅር የተሰኙ ነበሩ፤ ምናልባት አጠያየቁ የችኮላ ነበር። ተቃዋሚዎቹ ግን ከስያሜው ይልቅ ስለ ኪራይ እየተናገሩ እንደነበር መገመት ይቻላል። በ1970 ከከተማዋ ነዋሪ 71 በመቶው ጥቁር ነበር፤ በ2020 ወደ 41 በመቶ ወርዷል። በ2019 በ7ኛ ስትሪትና በፍሎሪዳ ጎዳና ማዕዘን ላይ ያለ የስልክ ሱቅ ለዓመታት ደጁ ላይ ሲያሰማ የኖረውን ጎጎ የተባለ የዋሽንግተን ጥቁሮች የሙዚቃ ስልት፣ አንድ አዲስ ነዋሪ ረበሸኝ ብሎ ስላማረረ እንዲያጠፋ ታዘዘ። በሺህ የሚቆጠር ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ፤ ሙዚቃውም ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት ጎጎ የከተማዋ ይፋዊ ሙዚቃ ተብሎ ታወጀ።

ፖሊሱን የሚያዘው ማን ነው?

ዋሽንግተንን ከቺካጎም ከባልቲሞርም የሚለያት አንድ ነገር አለ። የአዋቂዎችን ከባድ ወንጀል የሚከሰው ፕሬዚዳንቱ የሚሾመው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ዳኞቹንም ፕሬዚዳንቱ ይሾማል። የሎርተን እስር ቤት በ2001 ከተዘጋ ወዲህ ረጅም ዘመን የተፈረደባቸው እስረኞች በመላ ሀገሪቱ ወደተበተኑ የፌዴራል እስር ቤቶች ይላካሉ። የከተማዋ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ኮንግረስ ሊሽረው ይችላል፤ በማርች 2023 አዲሱን የወንጀል ሕግ እንደዚያ ሽሮታል። ስለዚህ ነዋሪው ወንጀል ሲበዛ የሚቆጣበትን ባለሥልጣን ሁሉ በድምፁ ማውረድ አይችልም።

በ2016 የወጣው የከተማዋ ሕግ ፖሊስ የሚያስቆማቸውን ሰዎች እንዲመዘግብ አስገደደ። በ2019 የወጣው የመጀመሪያ መረጃ ከሚቆሙት አሥር ሰዎች ሰባት ያህሉ ጥቁር መሆናቸውን አሳየ። ፖሊስ ይህ ወንጀል የሚፈጸምበትን ቦታ ተከትሎ የመጣ ነው ሲል፣ ተቺዎቹ ፖሊስ ወንጀል የሚያገኘው በሚፈትሽበት ቦታ ነው ይላሉ። በጁን 2020፣ ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ መገደሉን ተከትሎ በተነሣው ተቃውሞ ሰሞን፣ ፖሊስ ከ14ኛ ስትሪት ወጣ ባለችው ስዋን ስትሪት ሰልፈኞችን ከግራና ከቀኝ ከበባቸው፤ አንድ ነዋሪም በርካቶቹን ቤቱ አስገብቶ አሳደራቸው።

በ2023 ግድያው ወደ 274 አሻቀበ፤ በ2024 ደግሞ ወደ 187 ወረደ። ቁጥሩ በመውረድ ላይ ሳለ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ኦገስት 11 ቀን 2025 የወንጀል አስቸኳይ ሁኔታ አውጀው ፖሊሱን በፌዴራል ትእዛዝ ሥር አደረጉ፤ የብሔራዊ ዘብ ወታደሮችም ገቡ። ከሁለት ቀን በኋላ የፌዴራል ወኪሎችና ፖሊሶች 14ኛ ስትሪት ላይ፣ ከዩ ስትሪት ትንሽ ከፍ ብለው፣ ኬላ አቁመው መኪና መፈተሽ ጀመሩ። ነዋሪዎች ተሰብስበው ወደ ቤታችሁ ሂዱ እያሉ ጮኹባቸው፤ ጥቂቶቹም ኬላው ሳይደርሱ ዝቅ ብለው ቆመው አሽከርካሪዎች በሌላ መንገድ እንዲያልፉ ያስጠነቅቁ ነበር። በፖሊሱ ላይ የተያዘው የፌዴራል ሥልጣን ሕጉ በሚፈቅደው 30 ቀን ሴፕቴምበር ላይ አበቃ፤ ወታደሮቹ ግን ከዚያም በኋላ በከተማዋ ቆይተዋል።