«አፉ ቅቤ፣ ሆዱ ጩቤ» ሲባል

ፊት ለፊት እያለሳለሰ ከኋላ የሚወጋ ሰው ነው በዚህ አባባል የሚነሳው። «ልቡ ጩቤ» የሚሉም አሉ፤ ፍቺው ያው ነው። ቅቤና ጩቤ ቤት ስለሚመቱ አንዴ የሰማው አይረሳውም። ሐሳቡ ግን የቆየ ነው። መዝሙር 55 (በግዕዙ ዳዊት 54) ላይ መዝሙረኛው የከዳውን ወዳጁን ሲከስ አፉ የለሰለሰ፣ ልቡ ግን ጠብ ያደረበት መሆኑን ይናገራል። ዳዊት መድገም የቄስ ትምህርት ቤት ዋና ትምህርት በሆነበት አገር ይህ ምስል ወደ ዕለት ንግግር ቢወርድ አይገርምም።

«ሆዱ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ የሚገባው ግን ቅቤ ሲገዙ ነው። ጅማ ሂርማታ ገበያ ላይ በኮባ ተጠቅልሎ የሚቀርበውን ቅቤ ላዩን አይቶ የሚገዛ ሰው ይታለላል። ላዩ ለጋ ቅቤ ተለቅልቆ ሆዱ የቆየ ቅቤ፣ የተፈጨ ሙዝ ወይም የረጋ የአትክልት ዘይት ሊሆን ይችላል። ላዩማ ሁሌም ያብረቀርቃል። ስለዚህ የሚቀመሰው ከመሀሉ ነው፦ በንጹሕ እንጨት ወጋ አድርጎ የሽምብራ ፍሬ የምታክል አውጥቶ መዳፍ ላይ ማሸት። የወተት ቅባት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ በሰውነት ሙቀት ቶሎ ይፈሳል፤ አፍ ውስጥም ጠፍቶ ያልቃል። የረጋ ዘይት ያለበት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው፤ ላንቃ ላይ እንደ ሻማ ይለጠፋል። ሙዝ ወይም ዱቄት ከሆነ ጣት ላይ ይሻክራል።

የመጨረሻው ዳኛ እሳት ነው። 1 ኪሎ ጥሩ ቅቤ ሲነጠር ቢበዛ 800 ግራም ያህል ይወጣዋል፤ የቀረው ውሃና ዝቃጭ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ውሃው በዝቶ ነበር ማለት ነው። እሳቱ ለስለስ ይበል፤ ከበረታ ውሃው ሳያልቅ ዝቃጩ ያርና ቅቤው ይመራል። መንጣጣቱ ሲበርድ ውሃው አልቋል፤ ኮረሪማው፣ አብሹና ኮሰረቱ ግን ከዚያ በፊት፣ አረፋው እንደተገፈፈ ይገባሉ። ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ እዚህ ላይ አያመልጥም፤ ድስቱ ሥር ይያዝና የተቃጠለ ስኳር ይሸታል።

አባባሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ቅቤነቱን አይነቅፍም። በጅማና በአካባቢው ቡና ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ ቡና ቀላ ተብሎ የሚቀርበው ለክብር ነው፤ ቅቤ ራስ ላይ የሚቀባውም ለሚወዱት ሰው ነው። የሚነቀፈው ላዩና ሆዱ መለያየታቸው ነው። ስለዚህ ለስላሳ ንግግር ያለውን ሁሉ በዚህ መጥራት ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፣ ደግ ሰው ያስቀይማል። ንግግሩ ወዝ ያለው ሰው የሚወደድ ነው። «ቅቤ ምላስ» የሚባለው አግባብቶ የፈለገውን የሚያገኝ ነው፤ ዋጋ ሊያስጨምርብዎ ይችላል እንጂ የግድ ክፉ አይመኝልዎትም። «ሙልጭልጭ» ደግሞ ቃሉ የማይጨበጥ፣ ሲይዙት የሚያመልጥ ነው፤ ቀጠሮ ይሰጣል፣ አይገኝም። ጩቤ ያለው «አፉ ቅቤ፣ ሆዱ ጩቤ» የተባለው ብቻ ነው፤ አባባሉ እንዲገጥም በእጅ የተያዘ ጉዳት ያስፈልጋል፦ በፊትዎ ያሞገሰዎት ሰው በዚያው ሳምንት ለአለቃዎ ሲያሳጣዎት፣ ዋስ እሆንሃለሁ ብሎ አቅፎ የሸኘ በጎን አበዳሪውን ሲያስጠነቅቅ።

አነጋገሩም ወግ አለው። ብዙውን ጊዜ በሦስተኛ ሰው፣ ሌላውን ለማስጠንቀቅ ይነገራል። «አፍህ ቅቤ ሆድህ ጩቤ» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ጠብ መክፈት ነው። ለታላቅ ሰው ጨርሶ አይባልም። ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ተበዳይም ያንኑ ቅሬታ «ወዳጅነታቸው ካንገት በላይ ሆነብኝ» ብሎ ያቀርበዋል፤ ይህ አነጋገር ለዕርቅ በር አይዘጋም።