ማይንድፉልነስ ምንድን ነው?

በቀደም እዚህ ጎንደር ከፒያሳ ወደ ማራኪ በታክሲ ስሄድ ረዳቱን መልስ ጠየቅኩት። «ሰጥቼሻለሁ እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ ጋለ፣ መንጋጋዬ ተቆለፈ፣ ክፉ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ያዳነኝ አንድ ነገር ነው፤ ፊቴ መጋሉን ልብ አልኩት።

ማይንድፉልነስ የሚባለው ይኸው ነው። በሰውነታችንና በሐሳባችን ውስጥ የሚሆነውን እዚያው በሚሆንበት ሰዓት፣ ልክ ነው ልክ አይደለም ሳይሉ፣ ልብ ማለት። «ቀልብን መሰብሰብ» የሚለው አነጋገራችን በጣም ይቀርበዋል።

ሥሩ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ጥንታዊ ተመስጦ ነው። በ1979 (እ.ኤ.አ.) ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሕመምተኞች ሥልጠና አድርጎ ጀመረው። ዛሬ ሥልጠናው 8 ሳምንት ይፈጃል።

ስንናደድ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን በሰውነታችን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ሰውነት ለጠብ ወይም ለሽሽት ተዘጋጀ ማለት ነው። አመዛዛኙ የአእምሯችን ክፍል ዘግይቶ ነው የሚደርስ። ትንፋሽን በቀስታ፣ ረዘም አድርጎ ማስወጣት የልብ ምትን ያረግባል፤ ማመዛዘኛ ጊዜም ይገኛል። ስሜቱን በስሙ መጥራትም ይረዳል። አማርኛችን ለዚህ የተመቸ ነው። «እልህ ያዘኝ» እንላለን። እልሁ ያዘኝ እንጂ እኔ እልህ አይደለሁም። የያዘ ነገር ደግሞ ይለቃል።

ብዙ ሰው ይህን «ቻል አድርጊው» ከሚለው ምክር ጋር ያምታታዋል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ በተለይ እኛ ሴቶች ስንችል ነው ያደግነው። መቻል ንዴቱን መዋጥ ነው፤ የተዋጠው ማታ ቤት ገብቶ ልጅ ላይ ይወጣል። ልብ ማለት ግን ንዴቱን አይደብቅም። እኔም ዝም አላልኩም። ሦስቴ ተነፈስኩና «ወንድሜ፣ አልሰጠኸኝም» አልኩት፣ ድምፄን ሳላነሳ። አጠገቤ የነበሩት እናትም መሰከሩልኝ።

እንዲህ ያለው ነገር ግን ጭቅጭቅ መሃል አይለመድም። ሰላም ባለበት ሰዓት ነው። እኔ የምለማመደው ፋሲል መዋኛ ሄጄ ነው። የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር እንዴት አቅፎ እንደያዘ ታውቃላችሁ። አንዱን ሥር መርጬ ከላይ እስከ ታች በዓይኔ እከተለዋለሁ። ሐሳቤ ወደ ሥራ፣ ወደ ቤት ኪራይ ይሸሻል። እመልሰዋለሁ። እንደገና ይሸሻል፤ እንደገና እመልሰዋለሁ። 5 ደቂቃ ያህል እንዲሁ እቆይና ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።