ተርቦ ምንድን ነው? ተርቦ በሌለው ሞተር ላይ ሲገጠምስ?

ተርቦ የሞተሩ ጭስ የሚያሽከረክረው የአየር መጭመቂያ ነው። በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ሁለት ፉሪቶች አሉ፤ አንዱን ትኩሱ ጭስ ይዘውረዋል፣ ሌላው ከፊልትሮ የመጣውን አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ይሰዳል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሄዳል፤ ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚያደርገው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው።

ተርቦ ጉልበት ይሰጣል ይባላል። የሚሰጠው ግን አየር ነው፤ ጉልበቱ ያለው ናፍጣው ውስጥ ነው። ጅማ ላይ ይህን መለየት ይጠቅማል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት 0.82 ባር ያህል ነው፤ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ 1.01 ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ አንድ አምስተኛ ያህል አየር ይጎድለዋል። የከፍታ ማስተካከያ የሌለው ፖምፓ (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገፋው) ግን ናፍጣውን አይቀንስም። ዳገት ላይ የምናየው ጥቁር ጭስ አየር አጥቶ በቅጡ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው።

የላንድክሩዘሩን 1 ኤችዜድ ሞተር እንውሰድ፤ ባለ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ከፋብሪካ ተርቦ የሌለው። 0.5 ባር ቢጨመርለት ጅማ ላይ 1.32 ባር ይሆናል፣ ማለትም በባሕር ጠለል ከፍታ ከሚያገኘውም በላይ። ፖምፓው ሳይነካ ጭሱ ይጠፋል፣ ዳገቱም ይቀላል። ለሥራ መኪና እዚህ ላይ ማቆም ይሻላል።

“ትንሽ ናፍጣ ክፈትለት” ሲባል ነው ጣጣው የሚጀምረው። የ1 ኤችዜድ እመቃ (ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ ያለውን አየር ስንት እጥፍ እንደሚያጠብበው) 22.4 ለ1 ነው። ከፋብሪካ ተርቦ ይዞ የሚመጣው ወንድሙ፣ 1 ኤችዲቲ፣ 18.6 ለ1 ብቻ ሲሆን ፒስተኖቹን ከሥር ዘይት እየረጨ ያቀዘቅዛል፤ 1 ኤችዜድ ይህ የለውም። ናፍጣ ሲበዛበት ሙቀቱ መውጫ ያጣና ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል፣ ብሎም ፒስተን ይቀልጣል። ስለዚህ የጭስ ሙቀት ጌጅ ከተርቦው በፊት፣ ማኒፎልዱ ላይ ይገጠም፤ 650 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ማርሽ መቀነስና እግርን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ማላላት ነው። የሞተሩ ውሃ ሙቀት ይህን ቶሎ አይናገርም። ጭነት ይዞ ጊቤን ተሻግሮ ወደ ወልቂጤ ሲወጣ ቆላው ሞቃት፣ ዳገቱ ረጅም ነው፤ ጌጁ የሚፈተነው እዚያ ነው።

ከመግጠም በፊት ኮምፕረሽን (የየሲሊንደሩ የእመቃ ግፊት) ይለካ። ስድስቱ ሲሊንደሮች ካልተቀራረቡ ተርቦ መግዣው ለሞተር እድሳት ይዋል። የተርቦው ዘይት መግቢያ ከዘይት ግፊት መለኪያው ቀዳዳ በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ይወሰዳል። መውጫው ግን የብዙ ጋራዥ ስህተት ያለበት ቦታ ነው። ዘይቱ ከተርቦው ሲወጣ ግፊት የለውም፣ አረፋ ሆኖ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ቱቦው ከውስጥ ቢያንስ 16 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ሳይታጠፍ ቁልቁል ይውረድ፣ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ላይም ከዘይቱ ከፍታ በላይ ይግባ። ኮፓው ሳይወርድ አይበሳ፤ የብረት ብናኙ ዘይት ውስጥ ይቀራል። የዘይት መግቢያው ላይ ማስቲሽ መቀባትም አይገባም፤ ተልጦ ቀጭኗን ቀዳዳ ይደፍናታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ተርቦው ውስጥ ጥቂት ዘይት ይጨመርና ናፍጣው ተቋርጦ የዘይት ግፊት እስኪያሳይ ድረስ ሞተሩ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዙር። ከረጅም ዳገት በኋላ ደግሞ ሳያጠፉ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ማቆየት ነው፤ አለበለዚያ ዘይቱ ዘንጉ ላይ ከሰል ይሆናል። ከፊልትሮው እስከ ተርቦው ያለው ጎማም በክላምፕ ጥብቅ ይበል፤ ከላላ ወይም ከተሰነጠቀ በዚያ የገባ የገጠር መንገድ አቧራ ፉሪቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

አዲስ የተገጠመ ተርቦ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ብዙ ጊዜ “ዕቃው ፎርጅድ ነው” ተብሎ ይመለሳል። ከመመለሱ በፊት የዘይት መውጫው ቱቦ ይፈታና ይታይ፤ የታጠፈ ወይም የጠበበ ከሆነ ዘይቱ መውረጃ አጥቶ ነው ወደ ጭሱ የገባው።