የውጭ አገር መሐንዲሶች በታዳጊ አገሮች

የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ ታዳጊ አገር የሚሄደው ባብዛኛው ለተቋራጭ፣ ለአማካሪ ወይም ለእርዳታ ድርጅት ተቀጥሮ ነው። ሥልጣኑም በዚሁ ይወሰናል፤ የተቋራጩ ሰው ይሠራል፣ የአማካሪው ደግሞ ሥራውን ይቆጣጠራል፣ ይለካል፣ የክፍያ ሰርተፊኬት ይፈርማል። በውጭ ብድር የሚሠሩ ትላልቅ ግንባታዎች ብዙ ጊዜ የሚመሩት የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ባዘጋጀው የፊዲክ ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ቀይ መጽሐፍ በሚባለው የፊዲክ የግንባታ ውል መሠረት ተጨማሪ ጊዜ ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ተቋራጭ ችግሩን ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ መብቱ ይቀራል። በቃል ተግባብተናል ማለት አያዋጣም።

ሳይት ላይ ቶሎ የሚያጋጨው የስታንዳርድ ልዩነት ነው። አንዱ የአርማታን ጥንካሬ በኪዩብ ቅርጽ ናሙና ሲለካ ሌላው በሲሊንደር ቅርጽ ናሙና ይለካል፤ ያው አርማታ በሲሊንደር የሚያሳየው የኪዩቡን 80 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ስዕሉ ላይ የጥንካሬ መለኪያ የሆነ «25» የሚል ቁጥር ሲገኝ የየትኛው 25 እንደሆነ ሳይጣራ አርማታ አይቦካም። ለ60 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ የተሠራ ሞተርም በ50 ኸርዝ ሲሠራ ዙሩ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ የሚያሽከረክረው ሴንትሪፉጋል ፓምፕ (ውሃን በሚሽከረከር ክንፍ የሚገፋ) ከሆነ ውሃ የሚገፋበት ከፍታ በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቮልቴጁ በዚያው ልክ ካልቀነሰ ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ከባዱ ጣጣ ግን ከርክክብ በኋላ ያለው ነው፤ የእጅ ፓምፕን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሕንድ ውስጥ የተሠራው ኢንዲያ ማርክ 2 የተባለው ፓምፕ ጠንካራ ነው። ፒስተኑ የሚሠራበት ሲሊንደር ግን ከቧንቧው ስለሚሰፋ ፒስተኑ በቧንቧው ውስጥ አልፎ አይወጣም። ስለዚህ አንዲት ጎሚኒ ለመቀየር ቧንቧው በሙሉ እየተፈታ ይነሳል፤ ለዚህም የሠለጠነ ቡድንና ከባድ መሣሪያ ይፈለጋል። አፍሪዴቭ በተባለው ሌላ የእጅ ፓምፕ ግን ፒስተኑ በዘንጉ ተስቦ ስለሚወጣ የመንደሩ ሰዎች በጥቂት መፍቻ ይጨርሱታል። እርግጥ ከ45 ሜትር በላይ ጥልቀት ላለው ጉድጓድ አይመከርም።

ውሃውን ሳይመረምር ፓምፕ የሚመርጥ መሐንዲስም አይጠፋም። የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ6.5 በታች ከሆነ የጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ቧንቧው ይበላል፣ ውሃው ወደ ቀይ ይለወጣል፣ ልብስ ላይ ቡናማ እድፍ ይተዋል፤ ተጠቃሚውም ወደ ቀድሞው ምንጩ ይመለሳል። ለእንዲህ ያለው ውሃ የፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ቧንቧ መታዘዝ ያለበት ገና ጨረታው ሲዘጋጅ ነው።

ሥልጠናም አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በመጨረሻው ሳምንት፣ ማሽኑ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። መካኒኩ መማር የነበረበት ሲገጠም አብሮ እየፈታና እያሰረ ነበር። ርክክብ ላይ መጠየቅ ያለባቸው ወረቀቶችም የታወቁ ናቸው፦ በተግባር የተሠራውን የሚያሳይ ስዕል፣ የመለዋወጫ ዝርዝር ከነመለያ ቁጥሩ፣ የጥገና መመሪያ ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ።