አቢሲኒያ ስሟን ቀይራ ነው ኢትዮጵያ የሆነችው?

ታሪክ አስተምራለሁ። በየዓመቱ አንድ ነገር ይነገረኛል፦ «ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ያወጡት ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ በፊት አቢሲኒያ ነበረች።» ዘንድሮ ደግሞ አንድ ተማሪ ፈተና ላይ «ኢትዮጵያ በ1923 ዓ.ም. ተመሠረተች» ብሎ ጻፈልኝ። ከየት አመጣኸው ስለው፣ ቲክቶክ ላይ አየሁት አለኝ።

1923 ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበትና የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የወጣበት ዓመት ነው። ስም የወጣበት አይደለም። በ1887 ዓ.ም. የተመታውን የምኒልክ ብር እዩ። በንጉሡ ምስል ዙሪያ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል። ያኔ ተፈሪ መኮንን ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃን ነበሩ። በ1881 የተፈረመው የውጫሌ ውልም ምኒልክን የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ይላቸዋል፤ የጣሊያንኛው ቅጂ ሳይቀር። ክብረ ነገሥትን ብትከፍቱ በ14ኛው መቶ ዘመን ስሙ እዚያው አለ።

ከዚያም ወደኋላ ይሄዳል። አክሱም ውስጥ በ4ኛው መቶ ዘመን የቆመ የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ አለ። ነገሩ በሦስት ዓይነት ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ግዕዙ «ሐበሻ» ባለበት ቦታ ግሪክኛው «ኢትዮጵያውያን» ይላል። ሁለቱም ስሞች አንድ ድንጋይ ላይ! አቢሲኒያ አውሮፓውያን ሐበሻን በራሳቸው አፍ የጠሩበት ነው። እየቆየ የተለወጠው እነሱ እኛን የሚጠሩበት ስም እንጂ እኛ ራሳችንን የምንጠራበት አይደለም።

«ሐበሻ ዓረቦች ያወጡልን ስድብ ነው» የሚሉም አሉ። ኢዛና በገዛ ድንጋዩ ላይ ራሱን ይሰድባል እንዴ?

«ኢራን በ1935 እ.ኤ.አ. የተፈጠረ ስም ነው» የሚባለውም ያው ስህተት ነው። የኢራኑ ንጉሥ ሬዛ ሻህ የጠየቁት የውጭ መንግሥታት ፋርስ ማለታቸውን እንዲተዉ ነው። ሕዝቡ አገሩን ኢራን ሲል ኖሯል።

ስሙ ጥንታዊ ነው ሲባል ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ የሚሮጡ አሉ። የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ባሉ ቁጥር የዛሬዋን ካርታ ይስላሉ። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ የኢትዮጵያውያን ዋና ከተማ የሚላት መርዌን ነው፤ ያለችውም ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር ነው። እሱ ሲጽፍ የአክሱም መንግሥት ገና አልተመሠረተም። ስለዚህ የግሪክ ጽሑፍ ከመጥቀሳችሁ በፊት ዘመኑንና ቦታውን አጣሩ። ሄሮዶተስን ለአክሱም ምስክር አድርጎ የሚያቀርብልኝ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል።