የጃፓን «ካልት» ፊልም ምንድን ነው? ደም እየተረጨስ ለምን ይሳቃል?

አስተማሪው ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ይከፍታል። አንዲት ፈገግታ የማይለያት ወጣት ብቅ ትላለች። ድምጿ የልጆች ፕሮግራም አቅራቢ ድምፅ ነው። የጨዋታውን ሕግ እየተፍለቀለቀች ታስረዳለች። አንድ ሰው ብቻ እስኪቀር ትገዳደላላችሁ። ሦስት ቀን አላችሁ። አንገታችሁ ላይ ያለው ማሰሪያ ይፈነዳልና አትነካኩት። ከዚያ ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ቦርሳ እየተወረወረላቸው ይወጣሉ። መሣሪያው በዕጣ ነው። አንዱ ሽጉጥ ይደርሰዋል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ደግሞ የድስት ክዳን።

እዚህ ጋ የሚስቅ ሰው አለ። አንዱ እኔ ነኝ።

ፊልሙ የኪንጂ ፉካሳኩ «ባትል ሮያል» ነው፤ የወጣው በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። «ካልት» ከሚባሉት የጃፓን ፊልሞች ዝነኛው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ካልት ፊልም ማለት ሁሉም ሰው የሚወደው ሳይሆን፣ ጥቂት ሰዎች ሙጭጭ የሚሉበት ፊልም ነው። ብዙ ጊዜ ሲወጣ ይናቃል ወይም ያስደነግጣል። ከዚያ በካሴት፣ በዲቪዲ፣ በፍላሽ ከሰው ሰው እየዞረ ወዳጅ ያፈራል። «ባትል ሮያል» በአገሩ ገበያው ደርቶለት ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ከአሥር ዓመት በላይ በወጉ ሳይለቀቅ ቆየ። ይሄ ደግሞ ፍቅሩን አባሰው።

ከሱ በፊት ሌላ አለ። ቶሆ የተባለው ትልቅ የፊልም ኩባንያ «ጆውስ» የተሰኘውን የሻርክ ፊልም ስኬት አይቶ እንደዚያ ያለ ነገር ፈለገ። ሥራውን ለማስታወቂያ ሠሪው ኖቡሂኮ ኦባያሺ ሰጠ። ኦባያሺ ገና ልጅ የነበረችውን ሴት ልጁን ምን እንደሚያስፈራት ጠየቃት። ከእሷ ሐሳብ በ1977 «ሀውስ» ተወለደ፦ ሰባት ልጃገረዶች አንዲት አክስት ቤት ይሄዳሉ፣ ቤቱ ይበላቸዋል። አንዷን የሚበላት ፒያኖ ነው። ጣቶቿ ተቆርጠው እንኳ መጫወታቸውን አያቆሙም። ተቺዎቹ ናቁት፣ ወጣቱ ወደደው። አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ በደንብ የታየው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።

ታዲያ ሳቁ ከየት ይመጣል? በሞት መቀለድ ለኛም እንግዳ አይደለም። ሟቹን ቀብሮ የተመለሰ ሰው ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወት በሳቅ ሲንፈራፈር አይተናል። የጃፓኖቹ ግን የራሳቸው ጣዕም አላቸው። እኔ እንደሚመስለኝ የሚያስቀው ደሙ ሳይሆን ሥርዓቱ ነው። ዓለም እየፈረሰ ሰዎቹ ሥነ ሥርዓት ያከብራሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ሰዓት ያከብራሉ። በ«ባትል ሮያል» አስተማሪው የሞቱትን ልጆች ስም በድምፅ ማጉያ ልክ እንደ ስም ጥሪ ያነባል፤ ከጀርባው ክላሲካል ሙዚቃ አለ።

በታካሺ ሚኬ «የካታኩሪዎች ደስታ» (2001) ይህ ጥግ ይደርሳል። አንድ ቤተሰብ ገጠር ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ይከፍታል። እንግዳ የለም። በመጨረሻ አንድ ሰው ይመጣል፣ ሌሊቱን ራሱን ያጠፋል። የቤቱ ስም እንዳይጠፋ በድብቅ ይቀብሩታል። ቀጥሎ የመጣውም ይሞታል፣ እሱንም ይቀብሩታል። በመሀል ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ። እዚያ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ይሉኝታ ብቻ ነው ያለው። ታሪኩ የተወሰደው ከ1998ቱ የኮሪያ ፊልም ነው፣ ዘፈኑ ግን የሚኬ ጭማሪ ነው።

ስለ ደሙም ትንሽ ልበል። የአኪራ ኩሮሳዋ «ሳንጁሮ» (1962) መጨረሻ ላይ ሁለት ሳሙራይ ፊት ለፊት ቆመው ለረጅም ጊዜ ይተያያሉ። አንድ ምት፣ ከዚያ ደሙ ከደረት እንደ ፏፏቴ ይፈነዳል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ይህን እየተቀባበሉ አጋነኑት፣ እስከ «ቶክዮ ጎር ፖሊስ» (2008) ድረስ፤ እዚያ ከተቆረጠ ክንድ የማይወጣ ነገር የለም። ውሸትነቱ አፍጥጦ ስለሚታይ ሰው ከመደንገጥ ይልቅ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር ግን እኔን ግማሽ ሰዓት ላይ ሰለቸኝ። ደም ብቻውን ቶሎ ያልቅበታል።

ይህን ሁሉ ማን ፈቀደ? አንዱ መልስ ቪዲዮ ቤት ነው። ቶኤይ ኩባንያ በ1989 ሲኒማ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ለካሴት ኪራይ የሚሠሩ ፊልሞችን ማውጣት ጀመረ። በጀቱ ትንሽ ነው፣ ተቆጣጣሪው ግን ላላ ያለ ነው። ሚኬ እጁን ያፍታታው እንዲህ ባለው ሥራ ነው።

ሌላው መልስ ጦርነት ነው። ፉካሳኩ በ15 ዓመቱ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ ተማሪ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው ሲደበደብ ልጆቹ አንዱ ከሌላው ሥር እየተደበቁ ለመትረፍ ሞከሩ። ከዚያ የጓደኞቻቸውን አካል እንዲሰበስቡ ታዘዙ። «ባትል ሮያል»ን ሲሠራ 70 ዓመቱ ነበር። ጉዳዩ እስከ ፓርላማ ደርሶ ፖለቲከኞች ወጣቱን ያበላሻል ብለው ተቃወሙት፤ ከ15 ዓመት በታች ያሉ እንዳያዩትም ተከለከለ። ማለትም እሱ ያንን ሬሳ ካነሣበት ዕድሜ በታች ላሉት።

ሁሉም ያስቃል ማለቴ አይደለም። የሚኬ «ኢቺ ገዳዩ» (2001) ቶሮንቶ ፌስቲቫል ላይ ሲታይ ለተመልካቹ የማስታወኪያ ከረጢት ታድሎ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ ተቆርጦለታል፤ የተቆረጠው በሴቶች ላይ የሚፈጸመው ጥቃት ነው። እሱ ጋ ስደርስ እኔም ቀልዱ አይታየኝም።

ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው ምክሬ የሺኒቺሮ ኡዌዳ «ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ» ነው። በ3 ሚሊዮን የን ገደማ ተሠርቶ ከ3 ቢሊዮን በላይ አስገባ። የመጀመሪያዎቹ 37 ደቂቃዎች ሳይቆረጡ የተቀረጹ ናቸው፣ ደግሞም ርካሽ ይመስላሉ። ተዋንያኑ ይደነቃቀፋሉ፣ ዝምታው ያለቦታው ይረዝማል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይዘጋዋል። አትዝጉት። የሚያስቀው ከዚያ በኋላ ነው።