በጅማ የጓሮ ወፎችን ፎቶ ማንሳት፣ ዋጋው በማይከብድ ሌንስ

ጅማ ውስጥ ወፍ ፎቶ ለማንሳት ጫካ መግባት የግድ አይደለም። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዝናብ በማይለየው ደቡብ ምዕራብ ትገኛለች፤ በብዙው ግቢ ቡና፣ አቮካዶ፣ ሙዝና ዘይቱን ተሰባጥረው ይበቅላሉ። አጥር ዳር ዋንዛ ወይም ሾላ ካለ ደግሞ ፍሬው ሲበስል ወፉ ሳይጠራ ይመጣል።

ከሚመጡት ውስጥ ለጀማሪ የሚመቸው ሣር እየሸመነ ጎጆ የሚሠራው ቢጫ ወፍ ነው፤ አንድ ቦታ ይመላለሳል። ራሱ ጠቆር፣ ሰውነቱ ቡናማ የሆነው ቡልቡልና ረጅም ጭራ ይዞ እንደ አይጥ በቅርንጫፍ የሚሽሎከለከለው ወፍ የበሰለ ፓፓያ አያልፉም። ምንቃሩ እንደ ማጭድ የጎበጠው ትንሹ አበባ ቀሳሚ የሙዝ አበባ ላይ ይገኛል። ሲነጋጋ ሰፈሩን በጩኸት የሚቀሰቅሰው፣ ጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለበትና ክንፉ ላይ ነጭ ያለበት ትልቅ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይኖርም። እሱን ለማንሳት ትልቅ ሌንስ አያስፈልግም፤ ሣር ላይ ሲለቅም ቀስ ብሎ መጠጋት ይበቃል።

ለዚህ ሥራ ከሚውሉት ርካሽ ሌንሶች መካከል የካኖን 55-250 ኤስቲኤም ይመረጣል (ቁጥሩ የሌንሱ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው)። 375 ግራም ይመዝናል፣ የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፣ እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቀርቦ ፎከስ ያደርጋል። የካኖኑ 75-300 ብዙ ጊዜ ከእሱ ይረክሳል፣ ግን በ300 ላይ ምስሉ ይለሰልሳል፣ መንቀጥቀጥ መከላከያም የለውም። 50 ሚሊ ሜትር ለመጨመር ብሎ እሱን መግዛት አያዋጣም። በኒኮን በኩል 70-300 ኤኤፍ-ፒ (የፎከስ ሞተሩ ዓይነት ነው) ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቪአር፣ ማለትም የመንቀጥቀጥ መከላከያ፣ ያለውና የሌለው በመልክ ይመሳሰላሉ፣ ስለዚህ ጽሑፉን ማንበብ ነው። አሮጌ የኒኮን ካሜራዎች ኤኤፍ-ፒን አያንቀሳቅሱም። በተቃራኒው ሞተር የሌለው የድሮው 70-300 ጂ በዲ3500 ወይም በዲ5600 ካሜራ ላይ ሲገጠም ፎከሱ በእጅ ብቻ ይሆናል። ያገለገለ ሲገዛ በራስ ካሜራ ላይ ገጥሞ መሞከር፣ በስልክ ባትሪ እያበሩ በመስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ድሩ ሻጋታ ነው፤ ካለ ዋጋው ምንም ቢቀንስ ይቅር።

የሌንሱ ርዝመት ከሚሰጠው ይልቅ ወደ ወፉ መቅረብ የሚሰጠው ይበልጣል። 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ወፍ በ250 ሚሊ ሜትር ከ3 ሜትር ሲነሳ የፎቶውን ወርድ 40 በመቶ ያህል ይይዛል፤ በ6 ሜትር ወደ 20፣ በ10 ሜትር ወደ 11 ይወርዳል። ውድ ሌንስ የሚገዛው ይህንን ልዩነት ነው፤ ጓሮ ያለው ሰው ግን በውኃ ሳህንና በመቀመጫ እንጨት ያገኘዋል።

ሰፊ የሸክላ ሳህን ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሸካራ ድንጋይ ይበቃል። ከሳህኑ ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ ደረቅ የቡና ቅርንጫፍ ይተከላል፤ ወፉ ከመጠጣቱ በፊት እዚያ ላይ አርፎ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ፎቶውም የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። ከቅርንጫፉ ጀርባ ያለው ቅጠል 4 ሜትር ቢርቅ ወደ ለስላሳ አረንጓዴ ይሟሟል፤ ግድግዳ ከተጠጋው ግን የጭቃው ስንጥቅ ሁሉ ይቆጠራል። ውኃው በየቀኑ ይቀየር፣ ሳህኑም ይታጠብ። ቁጥቋጦ ከአጠገቡ ካለ ድመት ትሸምቅበታለች፣ ስለዚህ ዙሪያው ሁለት ሜትር ክፍት ይሁን።

ሰው የሚቀመጠው በተከፈተ መስኮት ወይም በበር ክፍተት ጀርባ ነው። ሌንሱ የሚደገፈው ሁለት ኪሎ በቆሎ በተሞላ የጨርቅ ከረጢት ላይ ሲሆን ከርካሽ ትራይፖድ ይሻላል። ነጭ ማዳበሪያ ለመሸሸጊያ አይሆንም፤ ነፋስ ሲነካው ይንኮሻኮሻል፣ ወፉም ይበራል።

ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ለተቀመጠ ወፍ 1/500 ሰከንድ፣ አበባ ላይ ለሚንቀጠቀጥ ወፍ 1/1600 ይደረጋል፤ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ከ5.6 እስከ 8፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ ሆኖ ጣሪያው 3200። ፎከሱ የሚንቀሳቀስን በሚከታተለው ስልት፣ በካኖን አይአይ ሰርቮ፣ በኒኮን ኤኤፍ-ሲ፣ ነጥቡም አንዱ መሐለኛው ብቻ። በ5.6 ከ3 ሜትር ላይ ጥርት የሚለው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ነጥቡ ዓይኑ ላይ መዋል አለበት፤ ክንፉ ላይ ካረፈ ፊቱ ይደበዝዛል። ደመና ጀርባው ሆኖ ቁራ ከተነሳ ጥቁር ጥላ ብቻ ይወጣል፣ የብርሃን ማካካሻውን ወደ +1 ወይም +1.7 መግፋት ነው። ለነጭ ሳቢሳ ተቃራኒው፣ -0.7።

ጥሩው ብርሃን ከጧቱ 12፡30 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን የወፉ ዓይን ጥላ ውስጥ ይቀራል። ሌላም የጅማ ችግር አለ፦ ከረፋዱ በኋላ ከጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ሲነሳ ሙቀቱ አየሩን ያርገበግበዋል፣ ፎቶው ፈጽሞ አይጠራም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሌንሱን ይወቅሳል።

ክረምት ሲገባ ብርሃኑ ቢደክምም ትዕይንቱ ያኔ ነው። ቢጫው ወንድ ከሙዝ ቅጠል ረጅም ክር ይሰነጥቅና በምንቃሩ ይዞ ይመጣል፤ በእግሩ ሣር ጨብጦ ክሩን ያሳልፋል፣ ይጎትታል፣ እንደገና ያሳልፋል። ጎጆው ሲያልቅ ከበሩ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል። ካሜራው ከዚህ ጎጆ 5 ሜትር ቢርቅ ሥራውን አያቋርጥም። ፎቶ ለማሳመር ብሎ ቅርንጫፍ መቁረጥ ግን ጎጆውን ለፀሐይና ለጭልፊት ያጋልጠዋል። ከእነዚህ ወፎች አንዳንዶቹ በበጋ ላባቸው ይደበዝዛል፤ ስለዚህ የካቲት ላይ ቢጫውን የሚፈልግ ሰው እንደ መስቀል ወፍ ጠፋ ይላል፣ ወፉ ግን ፊት ለፊቱ ይሆናል።

የጅማ እርጥበት ሌንስ ይበላል። ሻጋታ እርጥበቱ ከ60 በመቶ በላይ በሆነ ጨለማ ቦታ ይበቅላል፤ የቆዳ ቦርሳና ቁም ሣጥን ለእሱ ምቹ ናቸው። ላስቲክ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ከጫማ ካርቶን በሚገኙ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር ሥራውን ይሠራል፤ ጥሬ ሩዝ ግን አቧራው መስታወቱ ውስጥ ይገባል። ዝናብ የነካው ሌንስ ወደ ዕቃው የሚገባው በጨርቅ ተጠርጎ፣ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ከደረቀ በኋላ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳይነካ ከማስቀመጥ በሳምንት አንዴ አውጥቶ ብርሃን ማስመታት ይሻላል።